የአሊሻን ኡሎንግ ለምን ውሃ ውሃ አለኝ? የሻይ ቀማሽ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እህቴ ለሥራ ታይዋን ሄዳ 150 ግራም የአሊሻን ኡሎንግ ሻይ አመጣችልኝ። ውድ እንደሆነ ነግራኛለች። እንደ ሌላው ሻይ አንድ ማንኪያ በራድ ውስጥ ጨምሬ የፈላ ውሃ ሞላሁበትና ትንሽ ቆይቼ ቀዳሁት። ውሃ ውሃ አለኝ። በማግስቱ ምድጃ ላይ አቆይቼ አፈላሁት፣ አሁን ደግሞ መረረኝ። ማሸጊያው ላይ 95 ዲግሪ ይላል፤ ቴርሞሜትር የለኝም። እንዴት ነው የሚፈላው? ሲቀመስስ ምን ምን ማለት አለበት? እውነተኛ የከፍታ ሻይ መሆኑንስ በምን ላውቅ?»

ምላሽ፦

ኡሎንግ በአረንጓዴና በጥቁር ሻይ መሐል ያለ ሻይ ነው፤ አሊሻን ደግሞ የበቀለበት የታይዋን ተራራ ነው። ከዲግሪው እንጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። ቴርሞሜትር አይግዙ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፈለገውን ያህል ቢንተከተክ ክፍት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከዚያ አያልፍም። ማሸጊያው ላይ ያለው 95 እርስዎ ቤት ሊደረስበት አይችልም። አይጨነቁ። ታይዋን ውስጥ ሊሻን በሚባለው ተራራ 2,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ሻይ የሚያለማ ገበሬም ቤቱ የሚያፈላው ውሃ ከእርስዎ ብዙ አይርቅም። የገዛ ሻዩን በዚያው ውሃ አፍልቶ ይጠጣል። ውሃው እየተንተከተከ ሳለ ይቅዱ፣ በቃ።

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሆናችሁ ለምታነቡ፣ የእናንተ ውሃ 100 ዲግሪ ይደርሳል። ኡሎንጉ እሳት ብዙ ያልነካው አረንጓዴ ዓይነት ከሆነ ማንቆርቆሪያውን ከፍታችሁ አንድ ደቂቃ ታገሡት። በደንብ የተቆላ ከሆነ ግን ሳትታገሡ ቅዱ።

«ስስ ሻይ ነው፣ በለብታ ውሃ አፍሉት» የሚል ምክር ሰምተው ይሆናል። ያ ምክር ለጃፓን አረንጓዴ ሻይ ነው። ለኡሎንግ አይሠራም። የእርስዎ ሻይ ቅጠሉ ሙሉ ነው። ሁለት ሦስት ቅጠል ከነዘንጉ ተቀጥፎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ደጋግሞ እየታሸ ትንሽ ድቡልቡል እንክብል ሆኗል። ያ እንክብል የሚፈታው በትኩስ ውሃ ነው። በለብታ ውሃ ውጪው ይርሳል፣ ውስጡ ደረቅ ይቀራል።

ያላማረልዎት በመጠኑና በጊዜው ነው። እኛ የለመድነው ሻይ ደቃቅ ጥቁር ሻይ ነው። ውሃ እንደነካው ወዲያው ይለቃል፣ ይቀላል። ለዚያ አንድ ማንኪያ ይበቃል። የኡሎንጉን እንክብል አንድ ማንኪያ ለሙሉ በራድ አድርገው ገና ሳይፈታ ሲቀዱት ውሃ ጠጡ። በማግስቱ እሳት ላይ ሲያቆዩት ደግሞ ያለውን ምሬት ሁሉ አወጡበት። ሁለቱም ቀን ያለፈዎት መሐል ያለው ነገር ነው።

መሐሉን የሚያገኙት ቅጠል አብዝተው፣ ውሃ ቀንሰው፣ ጊዜ አሳጥረው ሲያፈሉ ነው። ቻይናና ታይዋን ውስጥ ይህን አፈላል ጎንግፉ ይሉታል። ለዚሁ የተሠራ ክዳን ያለው ጎድጓዳ ስኒ አላቸው፣ ጋይዋን ይባላል። እሱን ፍለጋ አይድከሙ። 150 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ትንሽ በራድ ካለዎት ግሩም ነው። ከሌለዎት አንድ ትንሽ ወፍራም ብርጭቆ፣ እሱን የሚከድን የስኒ ማስቀመጫና የሻይ ማጥለያ ይበቃል። መጠጫው የቡና ስኒ ይሁን። ታይዋኖች የሚጠጡባት ስኒ ከእኛ ሲኒ ብታንስ እንጂ አትበልጥም፤ ለዚህ ሻይ ከትልቅ ኩባያ ይልቅ ሲኒ ይመቻል።

መጀመሪያ በራዱንም ስኒዎቹንም በፈላ ውሃ ያሙቁና ይድፉት። አዲስ አበባ ላይ ይህን እንዳይዘሉ። ውሃችን ሲነሳም 92 ነው፤ ቀዝቃዛ ሸክላ ካገኘው 80 ገብቶ ቁጭ ይላል። ከዚያ 6 ወይም 7 ግራም ሻይ ይጨምሩ። ሚዛን ከሌለ ሞላ ያለ ሁለት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፤ የበራዱን ወለል ከሸፈነ ልክ ነው። በጣም ትንሽ ይመስልዎታል። አይመኑት፣ ሲፈታ በራዱን ይሞላዋል። ጥሩ ሻይ አንዳንዴ ክዳኑን ገፍቶ ያነሳዋል።

ብዙዎች የመጀመሪያውን ውሃ አምስት ሰከንድ ያህል አቆይተው ይደፉታል። ዓላማው እንክብሉን ማሞቅና ማላላት ነው። ቅጠሉ ጥሩ ከሆነ እኔ አልደፋውም፣ እጠጣዋለሁ። ቀጥሎ የፈላ ውሃ ሞልተው ከድነው አንድ ደቂቃ ያቆዩ። በዝቅተኛ አገር 50 ሰከንድ ይበቃ ነበር፤ ለእኛ ውሃ ትንሽ ማስረዘም ደግ ነው። ከዚያ አንድም ጠብታ ሳይቀር ይቅዱት። ቀሪ ውሃ ቅጠሉ ላይ ከተኛ ቀጣዩን ዙር ያመርረዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚጠጡት ብዙ ሰዎች ከሆናችሁ መጀመሪያ ሁሉንም ሌላ ማሰሮ ውስጥ ገልብጠው ከዚያ ለየሰዉ ያዳርሱ። አለዚያ የፊተኛው ቀጭን፣ የኋለኛው ወፍራም ይደርሰዋል።

አሁን ያንኑ ቅጠል እንደገና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንደምንለው ነው፣ ልዩነቱ እዚህ አቦሉ አይደለም ምርጡ። እንክብሉ በደንብ የሚፈታው በሁለተኛው ውሃ ላይ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ይበልጣሉ። ለሁለተኛው 40 ሰከንድ ይበቃል። ሦስተኛው 50፣ አራተኛው ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ከፍ፣ ከዚያ በኋላ በየዙሩ 20 ወይም 30 ሰከንድ ይጨምሩ። አምስት ስድስት ዙር ያለ ችግር ይሄዳል። ለእንግዳ ውድ ሻይ አቅርበው አንዴ ቀድተው ቅጠሉን ከደፉት ከግማሽ በላዩን ደፍተዋል ማለት ነው።

ቢሮ ውስጥ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመችም። እዚያ 3 ግራም ትልቅ ብርጭቆ ውስጥ ይጨምሩና የፈላ ውሃ ይሙሉበት። ከአራት ደቂቃ በኋላ መጠጣት ይጀምሩ። ሲሶው ሲቀር ውሃ ይጨምሩበት። ቅጠሉ ታች ስለሚዘቅጥ ማጥለያ አያስፈልገውም።

ስለ ውሃው አንድ ነገር። የአዲስ አበባ ቧንቧ እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣው ቀለል ይላል፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ማዕድን ይበዛዋል። ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገር ከሆነ ያ ውሃ የዚህን ሻይ መዓዛ ይደፍቀዋል። የታሸገ ውሃ ይሞክሩ፣ ጀርባው ላይ ጠቅላላ ማዕድኑ ከ100 ሚሊ ግራም በሊትር በታች የሆነውን ይምረጡ። አምቦ ውሃ ለሌላ ጊዜ ይቀመጥ።

ወደ ጣዕሙ ስንመጣ መጀመሪያ ቀለሙን ይርሱት። እኛ ሻይ ካልቀላ ሻይ አይመስለንም። ይህ ግን ፈዛዛ ቢጫ፣ ወደ ወርቅ ያዘነበለ፣ ጥርት ያለ ነው የሚሆነው። ፈዛዛ ስለሆነ ቀጭን ነው ብለው ጊዜ ካስረዘሙበት ያበላሹታል። ስኳሩንም ለጊዜው ይተዉት። ኃጢአት ስለሆነ አይደለም፤ የሚፈልጉት ጣፋጭነት ራሱ ሻዩ ውስጥ ስላለ ነው፣ ስኳር ከገባ አይሰማም። ቀረፋና ቅርንፉድ ደግሞ ጨርሶ አያስጠጉት። ለእነሱ የውሽውሽ ሻይ አለ፤ ጥቁርና ጠንካራ ስለሆነ ቅመሙን ይችላል።

ከቀዱ በኋላ ቀድሞ የሚሸተተው ክዳኑ ነው። እዚያ የነጭ አበባ ሽታ ያገኛሉ፤ ጃስሚን ወይም የብርቱካን አበባ ዓይነት። የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና የሚቀምሱ ባልደረቦቼ ይህን ሽታ ሳይነገራቸው ነው የሚይዙት። ከሥሩ ለጋ ቅቤ፣ አንዳንዴ የተቀቀለ የበቆሎ እሸት ይመጣል። የታጨደ ሳር ወይም ጥሬ ጎመን ከበለጠብዎት ሻዩ ሲሠራ ተቸኩሎበታል።

ይህ አበባ ከየት መጣ? ማንም ሽቶ አልጨመረበትም። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ፀሐይ ላይ ይጠወልጋል፣ ከዚያ ቤት ውስጥ በሰፌድ ላይ በየጊዜው ይናጣል። ሲናጥ ጠርዙ ይቆስላል። ገና ያልሞተ ቅጠል ስለሆነ ለቁስሉ መልስ ይሰጣል፣ ኔሮሊዶልና ኢንዶል የመሳሰሉ ሽታ ያላቸውን ነገሮች ያመነጫል። የአበባው ሽታ በአብዛኛው ከዚያ ነው። የቆሰለው ጠርዝ ደግሞ አየር አግኝቶ ይቀላል። ሠሪው ልክ ነው ባለበት ሰዓት በኃይለኛ ሙቀት ሂደቱን ያቆመዋል። ይህ ሥራ ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፤ መቼ መናጥ፣ መቼ ማሳረፍ እንዳለበት የሚወስነው የሠሪው አፍንጫ ነው። በእኔ እምነት የአንድ ኡሎንግ ዕጣ የሚወሰነው ከተራራው ይልቅ በዚያች ሌሊት ነው። እየቸኮሉ ትንሽ ብቻ የናጡት ሻይ ደረቁ ሲሸተት ያምራል፣ ሲጠጣ ሳር ነው።

አፍ ውስጥ ሲገባ ከጣዕሙ በፊት ውፍረቱን ይፈልጉ። ጥሩ የከፍታ ሻይ ምላስ ላይ ይንሸራተታል፣ ክብደት አለው። ይህ ነው የከፍታው ሥራ። አሊሻን ያለበት የጂያዪ ግዛት ላይ የካንሰር መስመር (የሐሩር ክልል ሰሜናዊ ድንበር) ያልፋል፤ ታች ቆላው ይሞቃል። ከ1,000 ሜትር በላይ ግን ቀኑ ለዘብ ያለ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ከሰዓት በኋላው ጭጋግ ነው። ቅጠሉ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ይወፍራል። ፀሐይ ሲቀንስበት ምሬትና አፍ ማድረቅ የሚያመጡት ካቴኪኖች ያንሳሉ፤ ጣፋጭና ወፈር ያለ ጣዕም የሚሰጠው ቲያኒን ይበዛል። ታይዋን ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ የበቀለውን ብቻ የከፍታ ተራራ ሻይ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍታ ብቻውን ግን ምንም ማለት አይደለም። ውሽውሽ ራሱ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ከአብዛኛው የአሊሻን እርሻ ይበልጣል። ዝርያው ሌላ ነው፣ አሠራሩ ሌላ ነው፣ የሚወጣውም ሌላ ሻይ ነው።

ሦስተኛው ነገር ከዋጡ በኋላ ይመጣል። አይቸኩሉ። ዋጥ አድርገው አፍዎን ዘግተው በአፍንጫ ይተንፍሱ። ጥቂት ቆይቶ ከጉሮሮ ጣፋጭ ነገር ይመለሳል፣ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ዓይነት። ምራቅ ይመጣል። ታይዋኖች ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉት ለዚህ ነው። አበባው አፍንጫ ላይ ብቻ ቀርቶ ጉሮሮ ላይ ምንም ከሌለ ያ ሻይ መካከለኛ ነው፣ ምንም ያህል ቢሸት። ከጠጡ በኋላ ባዶውን ስኒ ያሽቱ። ሲቀዘቅዝ ማር ማር ወይም የተቃጠለ ስኳር ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ታይዋን ውስጥ ለዚህ ብቻ የተሠራ ቀጭን ረጅም የማሽተቻ ስኒ አላቸው፤ የእኛ ሲኒም ያንኑ ይሠራል።

እኛ ቀማሾች ሻይ ስንፈትን እንዲህ ተንከባክበን አናፈላም፣ እናስጨንቀዋለን። 3 ግራም በ150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ፣ ነጭ ሸክላ ውስጥ፣ አምስት ስድስት ደቂቃ። ጉድለት ካለ ይወጣል። እርስዎም አንድ ጊዜ ይሞክሩት። በማንኪያ እየጨለፉ ድምፅ አሰምተው ይሳቡት፣ ልክ እንደ ቡና ቅምሻ። ትኩሱን፣ ለብ ያለውን፣ ከዚያም የቀዘቀዘውን ይቅመሱ። ሲቀዘቅዝ የሚያስቀይም ሻይ ሙቀቱ ነበር የደበቀለት። የእርስዎ አሊሻን ስድስት ደቂቃ ቆይቶ፣ ቀዝቅዞም ጣፋጭ ከሆነ እህትዎ አልተታለሉም።

እውነተኛነቱን በተመለከተ ጥርጣሬዎ መሠረት አለው። በታይዋን ዝርያና በታይዋን አሠራር ቬትናም ውስጥ የሚመረት ኡሎንግ አለ። ራሱ መጥፎ ሻይ አይደለም፣ ብዙ ይረክሳል። ችግሩ አንዳንድ ነጋዴ የአሊሻን ስም ለጥፎበት ወይም ደባልቆት ሲሸጥ ነው። የታይዋን የሻይ ምርምር ጣቢያ ቅጠሉ ውስጥ ያሉትን ማዕድናት እየለካ የት አፈር ላይ እንደበቀለ የሚለይበት ዘዴ አለው። ወጥ ቤትዎ ውስጥ ያን ማድረግ አይቻልም፤ የሚቻለውን ልንገርዎ።

ጠጥተው ሲጨርሱ ቅጠሉን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጠው ይዘርጉት። ሁለት ሦስት ቅጠል ከአንድ ዘንግ ጋር ተያይዘው ካገኙ በእጅ የተቀጠፈ ነው። ሁሉም እኩል የተቆረጠ ግማሽ ቅጠል ከሆነ ማሽን ነው ያጨደው። ቅጠሉ ወፍራምና ሲሳብ ሳብ የሚል ይሁን። ጠርዙ ላይ ትንሽ ቀላ ያለ መስመር ካለ በደንብ ተንጧል። ይህ ሁሉ ጥራትን ይናገራል፣ አገሩን ግን አይናገርም። ለአገሩ ማሸጊያው ላይ የመኸሩን ወቅት፣ የዝርያውን ስምና የተመረተበትን ቦታ ይፈልጉ። ጸደይና ክረምት የተቀጠፈ ይሻላል፤ በሞቃቱ ወቅታቸው የተቀጠፈ ቅጠል ቶሎ ያድጋል፣ ምሬት ይበዛዋል። እዚህ ላይ ጸደይ የምለው የእነሱን ነው፣ ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ፣ ከፍ ባለው ተራራ ደግሞ እስከ ሰኔ። ክረምታቸው ጥቅምትና ኅዳር ነው።

ዝርያው ቺንግሺን ከሆነ አበባው ይበልጣል። ጂንሹዋን ከሆነ ለጋ ቅቤው ይበልጣል። ጂንሹዋን የምርምር ጣቢያው ያዳቀለው ቁጥር 12 ዝርያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው የወጣው። ገበያ ላይ «የወተት ኡሎንግ» የሚባለውን ሲያዩ ይጠንቀቁ። እውነተኛው ትንሽ ብቻ ነው ወተት ወተት የሚለው። ማሸጊያው ሲከፈት ክፍሉን የሚያውድ ካራሜላ ከሸተተ ሽቶ ተረጭቶበታል፤ ሁለተኛ ዙር ላይ ይጠፋል።

ሊሻን ከአሊሻን ይበልጣል ወይ ብለው ወደፊት ይጠይቁ ይሆናል። ዋጋው ይበልጣል። ሊሻን ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 የተከፈተውን ተራራ አቋራጭ መንገድ የሠሩ ጡረተኛ ወታደሮች ነበሩ የሠፈሩት፤ መጀመሪያ የተከሉት ፖምና ፒር ነው። ሻዩ ኋላ መጣ። ከእሱም በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ዳዩሊንግ አለ። እዚያ ከነበሩት የሻይ እርሻዎች ዋና ዋናዎቹን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ደኑንና ተዳፋቱን ለመጠበቅ ብሎ አስነቅሏል። ስሙ ግን አሁንም በየሱቁ ይሸጣል። ዳዩሊንግ ነው ተብሎ በርካሽ ከቀረበልዎት ሳቅ ብለው ይለፉ። ለገንዘቡ ብዙ ሻይ የሚፈልግ ሰው ከተራራው ወረድ ብሎ ሉጉ በሚባለው የታይዋን ወረዳ የሚሠራውን ዶንግዲንግ ኡሎንግ ይሞክር። በከፍታ ያንሳል፣ በእሳት ይበልጣል። ሉጉ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሻይ ውድድር የሚደረግበት ቦታ ነው። ቡና የለመደ ምላስ መጀመሪያ የሚወደው እሱን ይመስለኛል፣ ምክንያቱም የተቆላ ጣዕም አለው።

የከፈቱትን ማሸጊያ አየር አስወጥተው ጥብቅ አድርገው ይዝጉ። ሻይ ሽታ ይስባል፤ በርበሬ፣ ቡናና ዕጣን ካለበት መደርደሪያ ያርቁት። በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ቢጨርሱት ይመረጣል። ከዚያ አልፎ መዓዛው ከደከመ ቅባት ነክቶት የማያውቅ ንጹሕ መጥበሻ በጣም በለዘበ እሳት ላይ ይጣዱ። ለአንድ በራድ የሚሆነውን ብቻ ጨምረው ሽታው ቤቱን መሙላት እስኪጀምር ያማስሉት፣ ከዚያ ወዲያው ያውርዱ። አበባው አይመለስም፣ ግን ሞቅ ያለ የተቆላ ጣዕም ያገኛል። ያንን እንግዲህ በሚንተከተክ ውሃ ያፍሉት፣ ምንም አይራሩለት።